ከሽንፋ መቃ የተቀረጸ ምላስ

ባየልኝ፣ ኦቦ የሚባል የሙዚቃ መሣሪያ መኖሩን ያወቀው አምሳ ሁለት ዓመት ከሆነው በኋላ ነው። ያውም በጆሮው ሰምቶ አይደለም፤ በዓይኑ አይቶ ነው።

መተማ ዮሐንስ ከተማ ውስጥ የሰሊጥ ጆንያ ላይ የባለቤቱን ስም መጻፍ ሥራው ነው። ከሰዓዲያ መጋዘን ፊት ለፊት ካለው ራኩባ፣ በሣር ከተከደነው ጥላ ሥር፣ በቲማቲም ቆርቆሮ ቀለሙን በጥብጦ፣ ብሩሹን ይዞ ቁጢጥ ይላል። ጫኞቹ “ደብተራው” ይሉታል። ደብተራ አይደለም። በልጅነቱ ጎጃም ውስጥ አንድ ቁም ጸሐፊ ዘንድ ብራና መፋቅና መቃ መቅረጽ ተምሮ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ጆንያ ላይ ቢጽፍም ያ ትምህርት ከእጁ አልለቀቀም። የእሱ “አ” ጆንያም ላይ ቢሆን ሁለት እግሯን አስተካክላ ትቆማለች።

“ያንተ ፊደል ያረፈበት ጆንያ መርከብ ሲጫን ሆዴን ይበላኛል” ትለዋለች ሰዓዲያ፣ የመጋዘኑ ባለቤት። “ቻይና አገር ማን ሊያነበው ነው?”

“ሰሊጡ ያነበዋል” ይላታል።

ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ማክሰኞ ቀን፣ ከሰዓዲያ ቤት በረንዳ ላይ እንደ ታነቀ ጥጃ ያለ ድምፅ ተሰማ። ጫኞቹ ጆንያቸውን እንደተሸከሙ ቀጥ አሉ።

“ሰዓዲያ፣ ዳክዬ ማርባት ጀመርሽ እንዴ?” አለ ምናለ የሚባለው፣ ምላሱ ከጫንቃው የሚፈጥን ጫኝ።

“የእህቴ ልጅ ናት። አፍህን ሰብስብና ጆንያህን አውርድ!”

ኢሕሳን ትባላለች። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ካርቱም ተወልዳ፣ ካርቱም ሙዚቃ ተምራ፣ ጦርነቱ ሲነሣ በገላባት በኩል ወደ አክስቷ የተሻገረች ናት። ጭኗ ላይ ጥቁር ሣጥን ከፍታለች። በእጇ የያዘችው ክንድ የሚያህል ጥቁር እንጨት ነው፤ ከላይ እስከ ታች የብር ቁልፍ ተደርድሮበታል። ከጫፉ የተሰካችውን ትንሽ ነገር ነቅላ እያገላበጠች ታያታለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

ሌሎቹ ብር ብሩን አዩ። ባየልኝ ያየው ያቺን ትንሽ ነገር ነው። ብሩሹን ቆርቆሮው ውስጥ ትቶ ተነሣ።

“እስቲ ልያት፣ ልጄ።”

ሰጠችው። የትንሽ ጣት አንጓ የምታህል፣ ቢጫ፣ ሁለት ስስ ቅርፊት ፊት ለፊት ገጥሞ በክር የታሰረባት፣ ሥሯ ቀጭን የናስ ቱቦ የሆነች ነገር። አንደኛው ቅርፊት ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። በጥፍሩ ዳበሳት፤ አሸተታት።

“ይኼማ መቃ ነው” አለ።

ኢሕሳን እናቷ ጎንደሬ ስለሆነች አማርኛውን ታውቀዋለች፤ ይህቺን ቃል ግን አልሰማቻትም። እሱ ወጣትነቱን ሱዳን፣ ገዳሪፍ፣ ማሽላ ሲያጭድ ያሳለፈ ሰው ነውና በዓረብኛ “ቀሰብ” አላት።

“አዎ፣ ቀሰብ! እንዴት አወቁ ዓሚ?” አለችው፤ አጎቴ ማለቷ ነው።

“እንዴት አላውቅም? የልጅነት ጓደኛዬ ነው።”

ከዚያ በኋላ ቀለሙ እስኪደርቅ ጠየቃት። ነገሩን እንደዚህ አስረዳችው። ትንሿ ነገር ምላሱ ናት፤ እንጨቱ ያለዚህች ምላስ እንጨት ነው። ትንፋሽ በሁለቱ ቅርፊት መካከል ሲያልፍ መቃው ይንቀጠቀጣል፤ ድምፁ ከዚያ ይወለዳል። ምላስ ደግሞ ዕድሜዋ አጭር ነው፤ ቢበዛ ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት ዘፍና ትሞታለች። ካርቱም ሳለች አስተማሪዋ እየቀረጹ ይሰጧት ነበር። መቅረጫው ሁሉ እዚያው ቀረ፤ እሷ ይዛ የተሻገረችው ሦስት ምላስ ነው። አንዷ ድንበሩ ላይ በሰው ግፊያ ተጨፈለቀች፤ አንዷ ሻገተች፤ ሦስተኛዋን የመተማ ሐሩር ዛሬ ሰነጠቃት።

“የዛሬ ሳምንት አዲስ አበባ ፈተና አለኝ” አለች። “ከናይሮቢ የሙዚቃ ትምህርት ቤት አንዲት መምህር መጥታ ትሰማናለች። የሚወስዱት አንድ ኦቦ ነፊ ብቻ ነው። እሑድ በአውቶቡስ መሄድ አለብኝ። ያለ ምላስ ሄጄ ምን እላታለሁ?”

“ደኅናው ድምፁ ምን ይመስላል?”

ልታንጎራጉርለት ሞከረች፤ ራሷን ነቀነቀች። “አይመስልም” አለች። “ስልኬ ላይ ነበረኝ። ስልኩን ኬላ ላይ ወሰዱብኝ።”

ይህ መልስ ባየልኝን እንደ እሾህ ወጋው። ማንም ሊነግረው የማይችል ድምፅ አለ፤ የሚሰማበት መንገድ አንድ ብቻ ነው።

“እኔ እቀርጽልሻለሁ” አለ። ይህን ያለው አፉ ነው፤ ልቡ ገና አልተስማማም ነበር።

“ወይ ጉድ!” አለች ሰዓዲያ ከውስጥ። “ደብተራው ደግሞ ምን አስማት ሊያደርግባት ነው?”

በዚያን ቀን ማታ ባየልኝ ከአልጋው ሥር የፍየል ቆዳ አቁማዳውን ሲጎትት ሚስቱ ውባንች እንጀራ አቅርባ ቆማ ታየዋለች። ውስጡ አንዲት ትንሽ ካራ አለች። ቁም ጸሐፊው የኔታ በእጃቸው የሰጡት ናት። የኔታ “ዳዊት ገልብጠህ ካልጨረስህ ጸሐፊ አትባልም” ብለው ሰባ ሁለተኛው መዝሙር ላይ ሲደርስ፣ ለክረምቱ ልብስ እንዲሆነው ብሎ ሰሊጥ ሊያጭድ ቆላ ወረደ። ወባ ጣለው፤ ሲነሣ ሌላ ሰሊጥ ደረሰ፤ ከዚያ ውባንችን አገኘ። ከዓመታት በኋላ ለአባቱ ተዝካር ደጋ ሲወጣ የኔታ አርፈው ነበር። ዳዊቱን ማን ጨረሰው? ጠይቆ አያውቅም።

“ካራዋን ምን አነሣሣህ?” አለች ውባንች።

“መቃ ልቀርጽባት ነው።”

“ልትጽፍ?”

“አይደለም። ልሰማ።”

ውባንች እንጀራውን አስጠግታ፣ “እስቲ መጀመሪያ ብላ” አለችው።

ረቡዕ ማለዳ ሰሊጥ ለማምጣት ወደ ሽንፋ በሚሄድ አይሱዙ ላይ ተሳፈረ። የሽንፋ ወንዝ በጥር ኩሬ ኩሬ ሆኖ ይቆራረጣል። መቃው ግን ዳር ዳሩን ቆሟል። እርጥቡን አልነካም፤ የኔታ “ቆሞ የደረቀ፣ ፀሐይ ፊቱን ያየ፣ ቢያንኳኩት የሚመልስ” ይሉ ነበር። ትንሽ ጣቱን እያስጠጋ ውፍረቱን ለካ፤ በጥፍሩ እያንኳኳ አዳመጠ። ሃያ ያህል ቆርጦ በነጠላው ጠቅልሎ ተመለሰ።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ በራኩባው ሥር ተቀመጡ። ኢሕሳን የተሰነጠቀችውን ምላስ ፈታ ልኩን አሳየችው። መቃውን ሦስት ቦታ ይሰነጥቃል፤ ውስጡን ይፍቃል፤ ውኃ ውስጥ ይዘፈዝፋል፤ ለሁለት ያጥፋል፤ በናሱ ቱቦ ላይ በሰም በታሸ ክር ጥብቅ አድርጎ ያስራል፤ የታጠፈውን ጫፍ ይቆርጣል። እጁ አልጠፋበትም። ኢሕሳን ክሩ ሲጠመጠም እያየች “ማሻ አላህ” አለች።

ነፋችው። ፍፍፍ አለ። ጉንጯ እስኪቀላ ነፋች፤ ፍፍፍ ብቻ።

“ጎማ ነው የተነፈሰው” አለ ምናለ ከጆንያ ክምር ላይ።

ኢሕሳን ምላሷን ነቅላ አየቻት። “ዓሚ፣ ልጣጩ አለ።”

“አዎን፤ ልጣጩማ ይኖራል።”

“መነሣት አለበት።”

“ልጣጩን?” ባየልኝ የሰማው አልመሰለውም። መቃ ሲቀረጽ የሚፋቀው ሆዱ ነው፤ ቀለም ይዞ የሚጽፈው፣ ጫፉ እንዳይላሽቅ የሚያደርገው ልጣጩ ነው። የኔታ ልጣጭ የነካ ተማሪ ላይ ኩርኩም ያወርዱ ነበር። “ልጄ፣ ልጣጩ እኮ ነው ሥራውን የሚሠራው።”

“እዚህ ልጣጩ አፍ ይዘጋል። የሚዘፍነው ከሥሩ ያለው ነው።”

ያን ዕለት ሌላ ነገር አልሠራም። ቁጭ ብሎ ጠየቀ። ትንፋሹ አያልቅብሽም? አያልቅብኝም፤ ይተርፈኛል፤ ቀዳዳው ጠባብ ስለሆነ አየሩ ደረቴ ውስጥ ይቀርና ያፍነኛል፤ ሌላ ከመሳቤ በፊት የድሮውን ማውጣት አለብኝ። ብቻዋን ነው የምትዘፍን? ብቻዋንም፣ ከአምሳ ሰው ጋራም። አምሳው ሰው ሊጀምር ሲል ሁሉም ዝም ይላል፤ ኦቦዋ አንዲት ድምፅ ትሰጣለች፤ ሁሉም ክሩን ከእሷ ጋራ ያስተካክላል።

“እንደ መሪጌታ ናት በይኛ።”

“ምንድን ነው እሱ?”

“የሚጀምረው። ሌላው ከእሱ የሚቀበል።”

“ታዲያ መሪጌታ ናት!” ብላ ሳቀች። ከመጣች ወዲህ ስትስቅ ሰዓዲያም ያን ቀን ነው ያየቻት።

ዓርብ ልጣጩን እያነሣ አዲስ ቀረጸ። እያንዳንዷን ፍቅ እያደረገ ሲያነሣ ሃይማኖት እንደሚያፈርስ ሰው ይሳቀቅ ነበር። ኢሕሳን ነፋች። ተንጫጫ፤ ግን ድምፅ ነው። “ጫፏን ትንሽ አሳሷት” አለች። አሳሳት። ነፋች። ይሄኔ ከውስጡ አንድ ቀጭን፣ ጥሩ ነገር ብቅ ብሎ ተመለሰ። ጫኞቹ እንኳ ዞር አሉ።

“ትንሽ ብቻ ቀራት ዓሚ! ግራ ጠርዟን!”

ተቀበላት። ግራ ጠርዟን ፋቀ። ጫፏ አማረ፤ ወረቀት ሆነ፤ ባየልኝ በልጅነቱ የቀረጻቸውን መቃዎች ሁሉ የሚያስንቅ ጫፍ። ከዚህ ቀጥሎ የሆነውን እሱ አላደረገውም፤ እጁ ነው ያደረገው። ጫፉ ሲያምር የካራዋ ስለት መካከሉ ላይ ያርፋል፤ አውራ ጣት ጫን ይላል፤ ቀለም የሚወርድበት ስንጥቅ ይከፈታል። አርባ ዓመት ያልረሳው እጅ አሁንም አልረሳም።

ቀጭ አለች።

ሁለቱም ምላሷን አዩአት። ለብዕር የተስተካከለ፣ ቀጥ ያለ ስንጥቅ።

ኢሕሳን ኦቦዋን ሣጥኑ ውስጥ አስገባች። ተነሥታ ወደ ቤት ገባች። ሰዓዲያ ከመጋዘኑ በር ላይ ሆና “ምን አደረግሃት?” አለችው፤ እሱ ግን እጁን ነበር የሚያየው፤ የሌላ ሰው እጅ ይመስል።

ልጅቷ ስትመለስ ፊቷን ታጥባለች፤ በእጇ የታጠፈ ወረቀት ይዛለች። “አይዘኑ” አለችው። “ይኸው፣ ልነፋ የነበረው ይኼ ነው።” አምስት አምስት መስመር የተሰመረበት፣ ከመስመሩ ላይ እንደ ሰሊጥ ፍሬ ነጠብጣብ የተበተነበት ወረቀት ነው። አንድ ጣሊያናዊ የዛሬ ሦስት መቶ ዓመት ለኦቦ የጻፈው ነው፤ ቀስ ብሎ የሚሄድ፤ ማጌጫውን ለነፊው የተወለት። ባየልኝ ዜማው አልገባውም። የገባው ሌላ ነው።

“ይኼን በእጁ የገለበጠው ማን ነው?”

“አስተማሪዬ። ከካርቱም ልወጣ ስል አንድ ሌሊት ሙሉ ጻፉልኝ። እሳቸው አልወጡም።”

“ሽማግሌ ናቸው።”

“እንዴት አወቁ?”

“እዚህ ጋ እጃቸው ደክሟል” አለ፤ ጣቱን ከወረቀቱ ሳያስነካ እያሳየ። “ነጠብጣቡ መስመር ይስት ጀመር። እዚህ ጋ አርፈዋል፤ ቀለሙ ተለወጠ። ከዚያ ደግሞ ጀምረው... እስከ መጨረሻው። አንዲት አልዘለሉም።” ወረቀቱን መለሰላት። “ነገ ነይ” አላት።

ቅዳሜ ማለዳ ካራዋን ሲይዝ ውባንች በር ላይ ቆመችበት። “ሰንበት አይደለም ወይ?”

“አላረስሁ፣ አልፈጨሁ።”

“መፋቅስ?”

“መፋቁን ቄሱ ሲጠይቁኝ እናገራለሁ። አንች ሰው ሲጠይቅሽ የለም በይ።”

“እዚህ ቁጭ ብለህ እያየሁህ የለም ልበል?” አለች፤ ግን ውኃውን በጣሳ ሞልታ አመጣችለት።

ያደረ ሐሳብ ነበረው። ስሕተቱ ብዕር እቀርጻለሁ ማለቱ ነው። ብዕር ጠንካራ ነገር ነው። ይህቺ ግን እየሳሳች የምትሄድ፣ እኩል መሳሳት ያለባት፣ አንድ ቦታ ከወፈረች የምትበላሽ... ይህችን ያውቃታል። ብራና ናት! ብራና የሚፍቅ ሰው በጣቱ አይተማመንም፤ ወደ ፀሐይ ያነሣዋል፤ የወፈረው ይጠቁራል፣ የሳሳው ያበራል። ምላሷን አስሮ፣ አርሶ፣ ወደ ፀሐይ አነሣት። ጥላዋ ተነበበ። ግራዋ ጠቆር ያለች ናት። ፋቀ፤ አነሣ፤ አየ። ጫፏ ሲያልቅ ካራዋን ጣላት፤ ከእጁ አርቆ፣ መሬት ላይ።

ኢሕሳን በሰዓዲያ ራኩባ ሥር ተቀምጣ ምላሷን ከንፈሯ መካከል አስገባች። ጫኞቹ በዚያን ቀን ሥራ ስላልነበራቸው ካርታ ይጫወታሉ።

ጀመረች።

ባየልኝ ዋሽንት ያውቃል። ዋሽንት አየር አለበት፤ ነፋሱ ከዜማው ጋራ አብሮ ይሰማል። ይህ አየር የለበትም። ማር ከቅል ሲቀዳ የሚወርደው ክር ነው፤ ቀጭን፣ ከባድ፣ የማይበጠስ። ከሰው ጉሮሮ በላይ፣ ከአፍንጫው በታች ካለች አንዲት ቦታ የሚወጣ ድምፅ ነው፤ የኔታ ሲጽፉ ሳያውቁት የሚያንጎራጉሩባት ቦታ። ሰው መጽሐፉን ሳይጨርስ በሄደ ጊዜ የሚቀረው ዝምታ ድምፅ ቢኖረው ይህ ይሆን ነበር ብሎ አሰበ፤ ከዚያ ማሰቡን ትቶ አዳመጠ።

ስትጨርስ ምናለ ካርታውን እንደያዘ ነበር። “ዳክዬዋን ምን አበላሃት ደብተራው?” አለ፤ ድምፁ ግን ዝቅ ብሎ።

እስከ ማታ ሁለተኛዋን ቀረጸ፤ እሷም ዘፈነች። ከአሮጌዎቹ ምላሶች ከተፈቱት ናስ ቱቦዎች የቀረው አንድ ነው። ሦስተኛዋን በቀይ ክር አሰራትና ከሁለቱ ይልቅ አሳሳት፤ ፀሐይዋ አልፋ እስክትታይ። ኢሕሳን ነፋቻት፤ እንደ ጫጩት ጮኸች።

“ይቺ አበደች ዓሚ!”

“እዚህ ታብድ። የደጋ ናት።”

“የደጋ?”

“ከጎጃም አንድ ቅዳጅ ብራና ይዤ ወርጄ ነበር። እዚህ በወበቁ ልፍስፍስ አለ። ለአባቴ ተዝካር ይዤው ስወጣ እንደ ጋሻ ደረቀ። ቆዳም መቃም አገር ያውቃሉ። አዲስ አበባ ብርድ ነው፤ እነዚህ ሁለቱ እዚያ ቢደርቁብሽ ቀይዋን ሞክሪያት።”

“አስተማሪዬ እንዲህ ብለውኝ አያውቁም።”

“ካርቱም ዳገት አላት እንዴ?”

እሑድ ገና ሳይነጋጋ በአውቶቡስ ሄደች። ምላሶቿን በፔኒሲሊን ብልቃጥ ጥጥ አድርጎ አስቀምጦላት ነበር። ባየልኝ ሰኞ ጆንያው ላይ ሲጽፍ ማክሰኞን ያስብ ነበር፤ ማክሰኞ የአንዱን ነጋዴ ስም ሁለት ጊዜ ጻፈ። ማታም ስልክ አልመጣም።

ረቡዕ ረፋድ ላይ ሰዓዲያ ስልኳን ይዛ እየሮጠች ወጣች። “ያንተን ድምፅ ነው የምትፈልግ!”

“ዓሚ!” አለች ኢሕሳን። መስመሩ ይቆራረጣል። “ሁለቱም ደረቁብኝ! አንደኛዋ መሐል ላይ ዝም አለች። መምህሯ እያየችኝ ቀይዋን አወጣሁ...”

“እሺ? ጮኸችብሽ?”

“ዘፈነች! ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ከዚያ መምህሯ ምላሷን ከእጄ ወስዳ ወደ መስኮቱ አነሣቻት። ከየት እንደ ገዛኋት ጠየቀችኝ። ከሽንፋ አልኳት። አታውቀውም።”

“ወሰዱሽ ወይ?”

“መልሱ በመጋቢት ነው። ግን ናይሮቢም ደጋ ነው አሉኝ፤ የደጋዋ ብቻ ናት የምትሆነኝ። አሁን አንዲት ናት ያለችኝ፣ እሷም ከሁለት ሳምንት በኋላ ትሞታለች።”

ባየልኝ ስልኩን ከጆሮው ወደ ጆሮው አዛወረ። “አሁን አጠገብሽ ናት?”

“ናት።”

“እስቲ ያቺን የመሪጌታዋን ድምፅ ስጪኝ። አንዷን ብቻ።”

ከስልኩ ያቺ ቀጥ ያለች አንዲት ድምፅ መጣች። ሰዓዲያ በር ላይ፣ ጫኞቹ ከነጆንያቸው፣ ባየልኝም ቀለም በነካው እጁ ስልኩን ወደ እነሱ ዘርግቶ ቆሙ። ሳትጨርስ መስመሩ ተቋረጠ።

“ኔትወርኩ ነው” አለች ሰዓዲያ። “ቆይ፣ ትደውላለች።”

ባየልኝ ግን አቁማዳውን ከራኩባው ምሰሶ ላይ ከተሰቀለበት አውርዶ ካራዋን ይፈልግ ነበር።

“ወዴት ነህ አንተ? ይኼ ሁሉ ጆንያ ማን ሊጽፍበት ነው?”

“ያ አይሱዙ ወደ ሽንፋ ሊነሣ ነው” አላት፤ እየሮጠ።